ሳንጃው ይወልወል ወይስ ይተው?

ሰላም ጎበዝ፣ በዚህ ወር የደረሰኝ ጥያቄ አብዛኛው ስለ ሳንጃ ነው፣ ምን እንደነካችሁ እንጃ፣ ምናልባት ክረምት ሳይገባ ቤት ስታጸዱ ከየቆጡ እየወረደ ይሆናል። ሦስቱን እነሆ።

ጋሼ፣ አያቴ በአምስቱ ዓመት አርበኛ ነበር። የማረከው የጣልያን ሳንጃ ቆጥ ላይ ኖሮ ዘንድሮ አሮጌው ቤት ሲፈርስ ወረደ። ዝጓል፣ የእንጨት እጀታው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከቆዳ አፎቱም በመከራ ነው ያወጣነው። ብየዳ ቤት ያለ ጓደኛዬ "አምጣው፣ በግራይንደር መስታወት አደርግልሃለሁ፣ ከዛ ኒኬል እናስነክረዋለን" ይለኛል። ሳሎን ልሰቅለው ነው፣ ላስደርገው? (ሰ. ከቢቸና)

በእናትህ እንዳታደርገው። ጓደኛህ ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን እኔም ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ የአጎቴን ሳንጃ ደብረ ማርቆስ አንድ ብየዳ ቤት ወስጄ ነበር፣ ሰውዬው ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም፣ ብልጭታው ሲረግፍ ቆሜ እያየሁ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ቤት ይዤው ስገባ አጎቴ አገላበጠና "ቁጥሩስ?" አለኝ። ቁጥሩም ማህተሙም ከዝገቱ ጋር አብሮ ተፍቋል። አጎቴ ከዛ በኋላ ስለ ሳንጃው አንድም ቀን አላነሳብኝም፣ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሞ ግራይንደር ብረቱን ያግላል። ስለቱ ላይ ሰማያዊ ነገር ካየህ በቃ፣ እሳት የሰጠውን ጥንካሬ እሳት ወሰደው ማለት ነው፣ አይመለስም።

አሁን እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ለካው። ሙሶሊኒ ያዘመተው ወታደር በብዛት የያዘው የ1891 ሞዴል ካርካኖ የሚባለውን ጠመንጃ ነው፣ የሱ ረጅሙ ሳንጃ ስለቱ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ እንጨቱ በሁለት ሪቬት ነው የተያዘው። (እዚህ ላይ 1891 ስልህ በፈረንጅ ነው።) ቀጥለህ የስፌት መኪና ዘይት፣ ያው የሲንጀር ዘይት የምንለውን፣ ስለቱን በደንብ ቀባውና አሳድረው። የተቃጠለ የመኪና ዘይት አይሆንም፣ ውስጡ አሲድ አለ። በነጋታው የጃንሆይን ጊዜ መዳብ ሳንቲም ፈልግ፣ ያቺን 1936 የሚል ያለባትን፣ እናትህ ሳጥን ውስጥ አትጠፋም። በጠርዟ ቀዩን ዝገት ቀስ እያልክ ፋቀው። መዳብ ከብረት ለስላሳ ስለሆነ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ብረቱን አይጭረውም፣ ብርጭቆ ወረቀት ግን ይጭረዋል፣ ሎሚና ኮምጣጤም ብረቱን ራሱን ነው የሚበሉት። በጨርቅ ጠርገህ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ሳንቲም፣ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፣ ቡና እየጠጣህ የምትሰራው ስራ ነው። ቀዩ ለቆ ከስሩ ጥቁር ሲመጣልህ አቁም። ቀዩ ነው ብረቱን የሚበላው፣ ጥቁሩ ይዞት ነው ሰማንያ ምናምን ዓመት የቆየው።

እንጨቱን በተልባ ዘይት። ተልባ እንደሁ ጎጃም ሞልቷል። በጣም ስስ አድርገህ ቀባ፣ የተረፈውን ጥረግ፣ እስኪደርቅ ቀናት ይወስዳል፣ አትቸኩል። የጠረግህበትን ጨርቅ ግን ጨብጠህ ጥግ እንዳትወረውረው!! የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይቀጣጠላል። ዘርግተህ ውጭ አስጣው።

ሽማግሌዎች ቅቤ ቀባው ይሉሃል፣ በአክብሮት እንቢ በል፣ ቅቤ ሲቆይ ይሻግትና አፎቱ ናስ ካለው አረንጓዴ ያበቅልበታል። ስለቱንም መልሰህ ቆዳው ውስጥ አትክተተው፣ ቆዳ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ ያዛገውም ሳይሆን አይቀርም። ጎን ለጎን ስቀላቸው።

ጋሼ እንዴት ሰነበቱ፣ ገበያ ላይ አንድ ሰው "የአድዋ ሳንጃ" ብሎ ሸጠልኝ፣ ስለቱ ላይ ዘውድ አለ፣ ከስሩ 1907 ይላል። ጓደኞቼ ደሞ ተበላህ እያሉ ይስቁብኛል። (አንባቢ ከቡሬ)

አድዋ 1888 ነው ወንድሜ፣ እንግዲህ 1907ን በኛ ብትቆጥረው ከ19 ዓመት በኋላ ነው፣ በፈረንጅ ብትቆጥረውም አድዋ 1896 ነው፣ በየትም ዞረህ አይገጥምልህም። የአድዋ ሳንጃ ከፈለግህ የውጅግራን፣ ያ የፈረንሳዩን ጠመንጃ ማለቴ ነው፣ ሳንጃ ፈልግ፣ ስለቱ 52 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ቀጭን፣ ጀርባው ቲ ቅርጽ፣ የእጀታው ጫፍ ናስ፣ ጀርባው ላይ የፈረንሳይ ፋብሪካው ስምና ዓመቱ በእጅ ጽሑፍ ዓይነት ተቀርጾበታል።

ያንተ የእንግሊዝ ነው። 1907 ደሞ የተሰራበት ዓመት አይደለም፣ የሞዴሉ ስም ነው፣ እዚህ ላይ ሻጭም ገዢም ይሳሳታል። ከሱ ዝቅ ብለህ እይ፣ ወሩና ዓመቱ በትንንሽ ቁጥር ተመትቷል፣ ለምሳሌ 1 ከዛ 17 ቢል ጥር 1917 በነሱ ነው። ገልብጠው፣ ኤክስ የሚመስል ምልክት ታገኛለህ፣ ስለቱ ታጥፎ ተፈትኖ ማለፉን ነው የሚነግርህ። ሙሉው ስለት 43 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ወደ 30 የሚጠጋ ከሆነ ህንድ ውስጥ ያሳጠሩት ሊሆን ይችላል።

ብትበላም ብዙ አልተበላህም ግን። ጥር 12 ቀን 1933 ጃንሆይ በኦሜድላ ሲገቡ፣ ከዛም የእንግሊዙ መኮንን የዊንጌት ጦር ከሱዳኖቹ ጋር በበላያ አድርጎ ወደ ቡሬና ደምበጫ ሲወርድ፣ ወታደሩ የያዘው የእንግሊዝ መሳሪያ ነበር። ያንተ ሳንጃ የግድ ከነሱ የወደቀ ነው አልልህም፣ ከጦርነቱ በኋላም ጦሩን ያሰለጠኑት እንግሊዞች ስለሆኑ በዛም መንገድ ሊመጣ ይችላል። ሻጩን ግን ከማን እንደገዛው ጠይቀው፣ ጻፈው፣ ለኔ ከነታሪኩ ያለ ሳንጃ ከሚያብረቀርቀው አስር እጥፍ ይበልጥብኛል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ወገብህ ላይ ታጥቀኸው ገበያ እንዳትዞር፣ መኪና ላይም እንደዛው፣ ኬላ ላይ "እኔ ሰብሳቢ ነኝ" ብለህ የምታስረዳው የለም። ፈረንጅ ገዢ ከመጣብህ ደሞ በአዋጅ 209/1992 መሰረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም፣ ቅርስ ይሁን አይሁን መጀመሪያ ወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጠይቅ።

ሟች ባለቤቴ ወታደር ነበር፣ የክላሽ ሳንጃው ቀርቶልኝ ጎመን እከትፍበታለሁ። ልጆቼ ነውር ነው ይሉኛል። መሀሉ ላይ ያለው ቀዳዳስ ምንድነው? (እናት ከሞጣ)

እትዬ፣ ምን ነውር አለው፣ እሱም ቢያይ ደስ ይለው ነበር። ቀዳዳው ሽቦ መቁረጫ ነው፣ አፎቱ ጫፍ ላይ ያለው ጉብታ እዛ ገብቶ ሁለቱ ተያይዘው እንደ መቀስ ይሆናሉ፣ አፎቱ ላይ ያለው ጎማ ደሞ ሽቦው ኤሌክትሪክ ቢኖረው እጅ እንዳይዝ ነው። ቀዳዳ የሌለው፣ ስለቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው ከዚህ የቀደመው ዓይነት ነው፣ የእርስዎ 15 ገደማ ነው። ጎመኑን ሲጨርሱ አጥበው ያድርቁት፣ ቀዳዳው ውስጥ ውሃ እንዳይቀር፣ ከዛ ነው ዝገት የሚጀምረው። ልጆቹ የሚያፍሩ ከሆነ እንግዳ ሲመጣ ይደብቁት።

ፎቶ ለምትልኩልኝ በሙሉ፣ ሳንጃውን ይዛችሁ የተነሳችሁትን ሳይሆን እጀታው ስር ያለውን ማህተም በቅርብ አንሱልኝ፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ።