መልስ፦ ሥራ ለጀመረች ነርስ የቤተሰብ ድጋፍ

እህትዎ ነርስ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ ከሥራ ስትመለስ ዝም እንደምትልና ሥራውን ለመልቀቅ እንደምታስብ ገልጸው፣ እንዴት ሊደግፏት እንደሚችሉ ጠይቀዋል። የነርሲንግ ምሁሯ ፓትሪሻ ቤነር እ.ኤ.አ. በ1984 እንዳስረዳችው፣ አንድ ነርስ በተመሳሳይ የሥራ ሁኔታ ውስጥ ብቁ ከሚባለው ደረጃ ለመድረስ ከ2 እስከ 3 ዓመት ያስፈልገዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሁሉም ሥራ እኩል አስቸኳይ መስሎ ቢታያት፣ ወይም የሰጠችውን መድኃኒት በመዝገቡ ላይ መፈረሟን ተጠራጥራ ከእንቅልፏ ብትባንን፣ ይህ የስንፍና ምልክት አይደለም።

ገና ከበር ስትገባ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?» እያሉ ከማስጨነቅ ይልቅ ታጥባ፣ ልብሷን ቀይራና እህል ቀምሳ እስክትረጋጋ መታገሥ ይሻላል። መናገር ስትጀምርም ለምክር አይቸኩሉ፤ የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለባት ዝርዝሩን ብትደብቅዎ ቅር ሊሰኙ አይገባም። የሌሊት ተረኛ በምትሆንበት ሳምንት ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማንኛውም ማጽናኛ የሚበልጠው ቀን የምትተኛበትን ክፍል በወፍራም መጋረጃ ማጨለምና የቤቱን ጫጫታ መቀነስ ነው።

ስለ መልቀቁ፣ ከሌሊት ተረኝነት በወጣችበት ጠዋት እንዳትወስን ይምከሯት፤ ይልቁንም ከምታምናት ነባር ነርስ ጋር እንድትመካከር ያበረታቷት። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከ2 ሳምንት በላይ ከዘለቀ ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ እንድታማክር አብረዋት ይሂዱ።