ቡቺ ለምን በግ መሰለች? እና ሌሎች የአንባቢ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን ሰንብተሻል? ቡቺ የምትባል ቡላ ውሻ አለችኝ። ቪዲዮ አይቼ ፊቷን በሱፍና በመርፌ ልሠራ ተነሳሁ። መርፌውንም ሱፉንም ከውጭ በሰው አስመጣሁ። ስንት ማታ ለፍቼ ስጨርስ ወንድሜ አየና «ይቺ በግ የማን ናት?» አይለኝም! ቀለሙ እኮ ቁርጥ እሷን ነው። ምኑ ነው የጠፋብኝ? ደሞ ሱፉ አልቋል፣ እዚህ አገር በምን ልተካው? ፎቶዎቹን ልኬልሻለሁ።
ከኮተቤ

መልስ፦ ፎቶዎቹን አየኋቸው። ወንድምሽ አልዋሸም። ቀለሙ ግን እውነትሽን ነው፣ ምንም አይወጣለትም። የተበላሸው ከሥሩ ነው። ድቡልቡል ኳስ ሠርተሽ ዓይኖቿን ላዩ ላይ ለጥፈሻል። የውሻ ዓይን ግን ጉድጓዱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ ከላዩም የዓይን ቆብ ይከድነዋል።

የበግ ጠጉር በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። መርፌዋ ደግሞ ጎንና ጎኗ ላይ ደቃቅ ጥርሶች አሏት። ስትወጊ ጥርሶቹ ጠጉሩን ይዘው ይገባሉ፣ ቅርፊቱ እርስ በርሱ ይጠላለፍና ወደ ኋላ አይመለስም። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ታሽቶ ሲታጠብ የሕፃን ልብስ ሆኖ የሚወጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። እና የተወጋ ቦታ ሁሉ ይጎደጉዳል። ተጠቀሚበታ! የዓይኗን ቦታ እዚያው በዚያው ደጋግመሽ ውጊና ጉድጓዱን አውጪ። አፍና አፍንጫዋን ለብቻ አጠንክረሽ ሠርተሽ ግጠሚ። ከዚያ ቅንድቧ ላይ ትንሽ፣ ጉንጯ ላይ ትንሽ ጨምሪ። ይሄ ሁሉ በነጭ ሱፍ ብቻ ነው፣ ቀለም እንዳትነኪ። ነጭ ሆና ቡቺን ካልመሰለች ቡላ ሆናም አትመስልም።

ውስጡ ጠንካራ ይሁን። በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው፣ ሰርጉዶ ከቀረ ገና ነው። ውስጡ ለስላሳ ከሆነ፣ በኋላ የምታስገቢያት ዓይን ትሰምጥብሻለች።

ፎቶውም የራሱ ጥፋት አለበት። ቆመሽ ከላይ ስላነሳሻት ግንባሯ ገዝፎ አገጯ ጠፍቷል። ወለሉ ላይ ቁጭ በይና በዓይኗ ልክ፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ አንሺያት። ከዚያ በምትሠሪው መጠን አሳትሚውና ከዓይን እስከ ዓይን፣ ከዓይን እስከ አፍንጫ ጫፍ በክር ለኪ። ሱፍ እየተወጋ በሄደ ቁጥር ስለሚኮማተር አሁንም አሁንም መለካት ነው። ካነሰ ትጨምሪበታለሽ። ከበዛ ግን ያለው አማራጭ መቀስ ነው።

ቀለም ላይ ስትደርሺ ቡላውን ብቻውን አታልብሻት። ቡቺን ቀረብ ብለሽ ብታያት ጆሮዋ ጫፍ ጠቆር፣ አፏ ዙሪያ ነጣ ይላል። ሁለት የውሻ ማበጠሪያ ብሩሽ ያዢና ሁለቱን ቀለም መሀላቸው አድርገሽ አበጥሪ፣ ይዋሐዳል። ጠጉሩን ስትተክዪ ከአንገትና ከጉንጭ ጀምረሽ ወደ አፍንጫ ነው የምትመጪው። የሣር ቤት ክዳን ከታች እንደሚጀመረው ማለት ነው፣ የኋለኛው የፊተኛውን ሥር ይሸፍንልሻል። ዓይኗ ውስጥ ብርሃን ያረፈባት እንዲመስል የምታሳርፊያት ነጭ ነጥብ በሁለቱም ዓይን በአንድ ጎን ትሁን። አንዷ ቀኝ አንዷ ግራ ከሆነች ውሻዋ ሸውራራ ትሆናለች፣ ያኔ ወንድምሽ ጭራሽ አይለቅሽም።

ሱፉን በተመለከተ፣ ደብረ ብርሃን በኩል ዘመድ ካለሽ የመንዝ በግ ጠጉር አስልኪ። ያው ባና እና ዝተት የሚባሉት ወፍራም የሱፍ ልብሶች የሚሠሩበት ነው። ሻካራ ስለሆነ ፊቷ ላይ አያምርም፣ ለውስጡ ግን ጥሩ ነው፣ ዋጋውም ከውጭ ከሚመጣው ጋር አይገናኝም። ገለባውን ልቀሚለት። በሙቅ የሳሙና ውሃ ዘፍዝፊውና እንዳታሺው፣ ካሸሽው እዚያው ሳፋ ውስጥ ይጋገርብሻል። ለላዩ የተረፈሽን የውጭ ሱፍ ቆጥቢ።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረተኛ ነኝ። ይህን ሱፍ በመርፌ የመውጋት ሥራ ጀምሬ መርፌው በላይ በላዩ እየተሰበረ አስቸገረኝ። የ6 ዓመት የልጅ ልጄም ካልሠራሁ ትላለች። ምን ትመክሪኛለሽ?
ከጎንደር

መልስ፦ አባቴ፣ መርፌው የሚሰበረው ውስጥ ገብቶ ሳለ ስለሚያጣምሙት ነው። በገባበት አቅጣጫ ይውጣ። ጎኑን መውጋት ሲፈልጉ መርፌውን ትተው ሱፉን ያዙሩት። ቁጥሩንም ይዩ፣ ቁጥሩ በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል። መጀመሪያ በ36 ያጠንክሩት፣ ወደ 38 ይሂዱ፣ 40ን ለዓይንና ለአፍንጫ ብቻ ያስቀሩት። በ40 ጀምረው ከሆነ ቢሰበር አይፍረዱበት። ከሥር ወፍራም ስፖንጅ ያድርጉ፣ ጠረጴዛ ከነካ አለቀለት።

ለልጅቷ ግን መርፌውን አይስጧት። በጣም ስል ነው፣ ጥርሱም ሥጋ ይቧጥጣል። ለእሷ ሙቅ ውሃና ሳሙና ይበቃታል፣ ሱፉን በመዳፏ ታድቦልቡለው። ከአንድ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ኳስ ይወጣላታል፣ እርስዎም ጆሮ ይተክሉለታል።

ጥያቄ፦ ድመቴ ሞታብኝ ከብሩሽዋ ላይ የሰበሰብኩት ጠጉር አለኝ። በሱ ብቻ ምስሏን መሥራት እችላለሁ?
ከሜሪላንድ

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ። በእሱ ብቻ አይሆንም። የድመት ጠጉር ልስልስ ስለሆነ እንደ በግ ጠጉር አይያያዝም፣ ያልቅብሽማል። ውስጡን በበግ ሱፍ ሥሪውና የእሷን ከሱፍ ጋር እኩል በእኩል ቀላቅለሽ ላዩን አልብሺው። መጀመሪያ ስስ ጨርቅ ውስጥ አስረሽ በሻምፖ እጠቢውና በደንብ ይድረቅ። ስትጨርሺ መስታወት ባለው ፍሬም ውስጥ አድርጊው። ብል ሱፍ ይወዳል፣ የገባበት ከመሰለሽ በላስቲክ ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ 2 ሳምንት አቆዪው።