«ኢየሱስ የለም፣ ዳቦ ብቻ ነው» ያለችው ልጅ

ጥያቄ፦ አባ፣ የስድስት ዓመት ልጄን ስለ ሰባቱ ምሥጢራት ለማስተማር ባለ ሥዕል መጽሐፍ ገዛሁላት። በቅዱስ ቁርባን ገጽ ላይ ካህኑ ከፍ አድርጎ በያዘው ኅብስት ውስጥ ሕፃኑ ኢየሱስ ተሥሏል። እሑድ በቅዳሴ መካከል «እማዬ፣ ኢየሱስ የለም፣ ዳቦ ብቻ ነው» አለችኝ። ደነገጥኩ። መጽሐፉን ልተወውና እስክትበስል ልጠብቅ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይደንግጡ። ልጅዎ አልካደችም። መጽሐፉ እንዳለ የነገራትን ፈልጋ ስላጣች ያየችውን ተናገረች። እንዲህ ያለች ልጅ በቅዳሴ ጊዜ ዓይኗ መንበሩ ላይ ነበር ማለት ነው፤ ለዚህስ እግዚአብሔርን ያመስግኑ።

ደጋግሞ የገጠመኝ ስሕተት የወላጆች ነው። ምሥጢርን ማስተማር የማይታየውን እንዲታይ ማድረግ ይመስላቸዋል፤ ሥዕሉ በበዛ ቁጥርም ልጁ የገባው ይመስላቸዋል። ልጅ ግን የተሣለውን ሁሉ እንዳለ ይቀበላል፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሲያጣው ነገሩ ሁሉ ተረት ይሆንበታል። ጌታችን የሚታየውን ምልክት ራሱ መርጦ ሰጥቶናል፤ ውኃውን፣ ቅብዐ ቅዱሱን፣ ኅብስቱንና ወይኑን፣ የካህኑን እጅ። ጸጋውን የሚሰጠን በእነዚሁ ነው። ሌላ ነገር ለማየት ብለን ከፊታችን ልናነሣቸው አይገባም።

የኤማሁስን መንገደኞች ያስቡ፤ ከሙታን የተነሣው ጌታ አብሯቸው ሲሄድ ያላወቁትን ሁለቱን ደቀ መዛሙርት። ጌታ ኅብስቱን አንሥቶ ባረከ፣ ቆርሶም ሰጣቸው፤ «ዓይናቸውም ተከፈተ፥ አወቁትም፤ እርሱም ከእነርሱ ተሰወረ» (ሉቃ 24፥31)። ባወቁት ቅጽበት ፊቱ ከዓይናቸው ጠፋ፤ በፊታቸው የቀረው የተቆረሰው ኅብስት ነበር። ሆኖም አላዘኑም፤ በዚያችው ሰዓት ተነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ልጅዎም የቆመችው እነርሱ በቆሙበት ስፍራ ነው።

ይህን ስል ሥዕልን እየነቀፍኩ አይደለም። በ600 እ.ኤ.አ. አካባቢ የማርሴይ ጳጳስ ሥዕሎችን ሲሰባብር ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ታላቁ ጎርጎርዮስ ገሥጾታል፤ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች በሥዕል ያነባሉና። ስለዚህ መጽሐፉን አይተዉት፣ ገጹንም አይቅደዱት። «ሠዓሊው የሣለው ያየውን አይደለም፣ ያመነውን ነው» ይበሏት። ከዚያ ጣቷን ወደ ካህኑ እጅ ይምሩትና ምን እንደያዘ፣ ምን እያለ እንደሆነ ይጠይቋት። በጥምቀት ገጽም ከርግቡ ይልቅ ውኃው ላይ ይቆዩ። በመጽሐፉ የተሣለው የመናዘዣ ሣጥን ወይም የቆራቢ ልጃገረዶች ነጭ መሸፈኛ በእርስዎ ቁምስና (ደብር) የማይታይ ከሆነ አያስጨንቅዎት፤ እንዲህ ያሉ ሥዕሎች የላቲን ሥርዓት፣ ማለትም የምዕራብ ካቶሊካውያን፣ ልማድ ናቸው፤ እንዲህ ብለው ቢነግሯት ይበቃታል።

ሥዕሉ የማይሰጣትን ጆሮዋ ይሰጣታል፤ «እምነት ከመስማት ነው» ይላልና ሐዋርያው (ሮሜ 10፥17)። በግእዙ ቅዳሴያችን ካህኑ የጌታን ቃል «ይህ ሥጋዬ ነው» ብሎ ሲያሰማ ሕዝቡ «አሜን፣ አሜን፣ አሜን፤ ነአምን ወንትአመን» ብሎ ይመልሳል፤ ቀጥሎም «ከመ ዝንቱ ውእቱ በአማን ነአምን»፣ ይህ በእውነት እርሱ እንደሆነ እናምናለን ይላል። ይህን መልስ በቃሏ ያስጠኗት። «ዳቦ ብቻ ነው» ብላ በጠየቀችበት በዚያው ሰዓት ቤተ ክርስቲያን በሙሉ ድምፅ እየመለሰችላት ነው።

«እስክትበስል ልጠብቅ» ያሉትን ግን አልቀበልም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1910 እ.ኤ.አ. ባወጡት ድንጋጌ ሕፃናት በሰባት ዓመት ገደማ እንዲቆርቡ ሲፈቅዱ ሙሉ ዕውቀት አልጠየቁም፤ ሕፃኑ በዐቅሙ ዋና ዋናዎቹን የእምነት ምሥጢራት እንዲያውቅና ቅዱስ ቁርባንን ከተራ ዳቦ እንዲለይ ነው የጠየቁት። ልጅዎ ያነሣችው ጥያቄ ይኸው ነው! በመጪው እሑድ መንበሩ በደንብ ከሚታይበት ቦታ ያቁሟት፤ ከቅዳሴ በኋላም ይዘዋት ወደ ቆሞሱ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ይሂዱና ስለ መጀመሪያ ቁርባኗ ትምህርት ከአሁኑ ይነጋገሩ። ለእርስዎ የነገረችዎትንም እርሷ ራሷ ትንገራቸው።