ሳሞ ሃንግ ከጃኪ ቻን ጋር ነው የተማረው? ላልከው

አዎ፣ የሆንግ ኮንጉ የድብድብ ፊልም ተዋናይና ዳይሬክተር ሳሞ ከጃኪ ጋር አብረው ነው ያደጉት። ሳሞ እ.ኤ.አ. በ1952 ሆንግ ኮንግ ተወልዶ፣ ገና በልጅነቱ መምህር ዩ ጂም ዩን የሚመራው የፔኪንግ ኦፔራ (ዘፈን፣ ትወናና መገለባበጥ ያለበት የቻይና ቲያትር) ትምህርት ቤት ገባ። ጃኪም፣ ሌላው የድብድብ ፊልም ተዋናይ ዩን ቢያዎም እዚያው ነበሩ፤ ሳሞ ታላቃቸው ነው።

«ያን ወፍራም ሰውነት ይዞ እንዴት ይገለባበጣል?» ላልከው ደግሞ፣ የካሜራ ተንኮል አይደለም፤ የዚያ ትምህርት ቤት ዱላና ልምምድ ነው። በ1973ቱ «ኢንተር ዘ ድራገን» ፊልም መክፈቻ ላይ ብሩስ ሊ መሬት ላይ ክንዱን ቆልፎ እጅ የሚያሰጠው ወፍራሙ ወጣት እሱ ነው።

ዳይሬክተርነቱን በ1977 ጀመረ። እኔ ግን ከሁሉ የማደንቀው የድብድብ አቀናባሪነቱን ነው። «ኢፕ ማን 2» ፊልም ላይ ከተዋናዩ ዶኒ የን ጋር ክቡ ጠረጴዛ ላይ ሲፋለሙ እጃቸውን ትተህ እግራቸውን ተመልከት፤ ቦታው ስለሚጠብ እያንዳንዱ እርምጃ የተለካ ነው። ፊልሙ የወጣው በ2010 ነው፣ ሳሞ የልብ ቀዶ ጥገና ካደረገ ብዙም ሳይቆይ!