ሳንስክሪት አጥንቼ ማን ይቀጥረኛል?

ሥነ ልሳን ሦስተኛ ዓመት ነሽ፤ ግእዝ ትንሽ ታውቂያለሽ፤ በማስተርስ የጥንቱን የህንድ ሊቅ የፓኒኒን የሳንስክሪት ሰዋስው ማጥናት ፈልገሽ እንጀራው አሳስቦሻል።

ስጋትሽ ልክ ነው። የሳንስክሪት መምህርነት ቦታ በየትም አገር ጥቂት ነው። ስለዚህ ዲግሪሽ በሥነ ልሳን፣ ቢቻል ቋንቋን በኮምፒውተር በማጥናት ላይ ይሁን፤ ፓኒኒን የመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ አድርጊው።

ከፓኒኒ መጽሐፍ ከአሽታድያዪ አንድ ሕግ እንይ፤ 6.1.77 (ምዕራፍ 6፣ ክፍል 1፣ ሕግ 77)፣ «ኢኮ የን ኧቺ»። ሦስት ቃል ናት። የመጀመሪያው በአገናዛቢ ሙያ ስለቆመ የሚተካውን ድምፅ ይናገራል፤ ሁለተኛው ተተኪውን፤ ሦስተኛው በቦታ አመልካች ሙያ ሆኖ «አናባቢ ሲከተል» ይላል። ደዲ (እርጎ) ከኧትረ (እዚህ) ጋር ሲገጥም ደድየትረ ይሆናል፤ ኢ ወደ ይ ተለወጠ። ደዲ ከኢንድረ (የአምላክ ስም) ጋር ሲገጥም ግን 6.1.101 ጣልቃ ይገባና ሁለቱ ኢ አንድ ረጅም ኢ ይሆናሉ። ልዩው ሕግ አጠቃላዩን አገደው ማለት ነው። ጀማሪ የሚወድቀውም እዚሁ ነው፦ 6.1.101ን ለብቻው ያነብና «አናባቢ ሲከተል» የሚለውን ያጣዋል፤ ቃሉ ከላይ ካለው ሕግ ከ6.1.77 ወርዶ የሚነበብ ነውና። ወደ 4000 የሚጠጉት ሕጎች እንዲህ የተያያዙ ስለሆኑ በትርጉም ብቻ፣ እየቆነጠሩ ማንበብ አያዋጣም።

ቋንቋውን ራሱን ቢያንስ አንድ ዓመት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ተማሪ። ከዚያ ሕጎቹን በርዕስ ባደራጀው አጭር የመማሪያ መጽሐፍ፣ በላጉ ሲድሃንታ ካውሙዲ ጀምሪ። ዋናውን አሽታድያዪ ከመጀመሪያው ገጽ የጀመረ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ይቀራል፤ ምዕራፉ በአብዛኛው የስያሜና የአነባበብ ደንብ ነው፣ ምን ላይ እንደሚውል ገና አይታይም።

ለማመልከቻሽ የሚሆን የጽሑፍ ናሙና ደግሞ ከአማርኛ አውጪ። የ+አገር ያገር ሲሆን የፊተኛው አናባቢ ወደቀ፤ የ+እናት የናት ሲሆን የኋለኛው፤ የኢትዮጵያ ግን ሁለቱንም እምቢ አለ። አጠቃላዩ ሕግ የቱ ነው? ልዩውስ? በፓኒኒ ዘዴ አሥር ሕግ ጻፊ፣ በፓይተን የኮምፒውተር ቋንቋ አስገቢያቸው፣ 200 ቃል ላይ ፈትኚያቸውና የከሸፉትን ሳትደብቂ ዘርዝሪ። የአማርኛና የትግርኛ የፊደል ማረሚያ ወይም የፍለጋ ሥራ የሚፈልገው ሙያ ይኸው ነው፤ ቀጣሪ ሳንስክሪቱን ባያውቀውም ይህን ያነበዋል።

ስለ ቦታ፦ ህንድ ውስጥ የሃይደራባድ ዩኒቨርሲቲ የሳንስክሪት ትምህርት ክፍል በኮምፒውተር ሥራው ይታወቃል፤ ፑኔ ያለው ደካን ኮሌጅ ሥነ ልሳንንም ትልቁን የሳንስክሪት መዝገበ ቃላትም ይዟል። የህንድ መንግሥት ለአፍሪካ ተማሪዎች የሚሰጠውን ነፃ የትምህርት ዕድል ከኤምባሲው ጠይቂ። «ሻስትሪ» ወይም «አቻርያ» የሚል ዲግሪ ካየሽ ከማመልከትሽ በፊት የማስተማሪያውን ቋንቋ አረጋግጪ፤ በሳንስክሪት ራሱ የሚሰጥ ሊሆን ይችላል። ለዶክትሬት አውሮፓን ካሰብሽ ጀርመንኛ ማንበብ አሁኑኑ ጀምሪ።