አዲስ ካርቡሬተር ከተገጠመለት በኋላ ጋዝ ሲሰጡት የሚታፈን የጀልባ ሞተር

ጠያቂያችን በጣና ላይ በሚሠራው ጀልባዎ፣ ባለ 40 የፈረስ ጉልበትና ባለ ሁለት ምት በሆነው ያማሃ ሞተር ላይ አዲስ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀርበው ክፍል) ካስገጠሙ በኋላ፣ ሞተሩ ያለ ችግር ቢነሣም በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጡት) እየተንገጫገጨ እንደሚሠራና ጋዝ ሲሰጡት ታፍኖ እንደሚጠፋ ገልጸው፣ ዕቃው ይመለስ ወይስ ይስተካከል ብለው ጠይቀዋል። በዚሁ ሐይቅ ላይ የጀልባ ሞተር ስጠግን ከኖርኩት ተነሥቼ የምመክርዎ፣ ከሁሉ አስቀድመው ሞተሩ ነዳጅ በዝቶበት ነው ወይስ አንሶት የሚለውን እንዲለዩ ነው፤ ሁለቱም ሞተሩን በሚመሳሰል መንገድ ስለሚያጠፉት፣ ይህ ሳይታወቅ ብሎን ማዞር ነገሩን ያወሳስበዋል።

ጀልባውን አጥብቀው አስረው፣ ሞተሩ ውሃ ውስጥ እንዳለ አስነሥተው ካሞቁት በኋላ ቀስ እያሉ ጋዝ ይስጡት፤ ሊጠፋ ሲል የአየሩን መግቢያ የሚያጠበውን ቾክ በጥቂቱ ይሳቡ። ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል፣ ከባሰበት በዝቶበታል። እሳት የሚሰጠው ካንዴላም ይመሰክራል፤ ጫፉ ጠቁሮ ከረጠበ በዝቶበታል፣ ነጥቶ ከደረቀ አንሶታል። (ሞተሩን ያለ ውሃ ማስነሣት የውሃ ፓምፑን ጎማ ያቃጥላል፤ ይህን የሚያደርጉ መካኒኮች ዛሬም አልጠፉም።)

አንሶት ከሆነ፣ ሊጠፋ ሲል በነዳጁ ቱቦ መካከል ያለውን በእጅ የሚጨመቅ የጎማ ፓምፕ ይጭመቁት። ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ጥፋቱ የካርቡሬተሩ አይደለም፤ የታንኩ መተንፈሻ ተዘግቷል፣ ፊልትሮው ቆሽሿል ወይም የነዳጅ ፓምፑ ዲያፍራም (ነዳጁን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ተቀዷል ማለት ነው። ለውጥ ከሌለ ካርቡሬተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለውን ጓርኒሲዮን (አየር እንዳያስገባ በመጋጠሚያው መካከል የሚገባውን ስስ ማሸጊያ) ይጠርጥሩ፤ በሚኒሞ እየሠራ በመጋጠሚያው ዙሪያ ወፈር ያለ ዘይት ሲቀቡ ድምፁ ከተለወጠ አየር እየሳበ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ስለሚገባ ነዳጅ ሲያንሰው ዘይትም ስለሚያንሰው፣ ሳይስተካከል በሙሉ ጋዝ መንዳት ፒስቶኑን ያስነክሳል።

የእኔ ግምት ግን ነዳጅ በዝቶበታል የሚል ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር ወደ አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ይሳሳል፤ በገበያ የሚገኘው ካርቡሬተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጄቶቹ (ነዳጁ የሚያልፍባቸው ትንንሽ ባለ ቀዳዳ የነሐስ ብሎኖች) ለባሕር ጠለል የተመጠኑ ናቸው። ስለዚህ ዕቃው ምንም ጉድለት ሳይኖርበት እዚህ ሲገጠም ነዳጅ ያበዛል። አሮጌውን ካልጣሉት ይፍቱትና ጄቶቹን አውጥተው ወደ ብርሃን ይያዟቸው፤ በነሐሱ ራስ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከአዲሱ ካነሰ ቀዳዳው ጠባብ ነው ማለት ስለሆነ፣ ጥርሳቸው ከገጠመ የአሮጌውን አጽድተው ወደ አዲሱ ያዛውሯቸው። ሲያጸዱ በቤንዚንና በአየር ግፊት ብቻ ይሁን፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል።

ጄቶቹ ተመሳሳይ ሆነው ካገኟቸው በካርቡሬተሩ ውስጥ የነዳጁን ከፍታ የሚጠብቀውን ተንሳፋፊ ይመልከቱ። የጎማውን ፓምፕ እስኪጠነክር ሲጨምቁት ከካርቡሬተሩ አፍ ቤንዚን ከፈሰሰ ተንሳፋፊው ሲነሣ የነዳጁን መግቢያ የሚዘጋው መርፌ በትክክል አልዘጋም፤ ቆሻሻ ይዞት ወይም የተንሳፋፊው ከፍታ ተዛብቶ ይሆናል። የሚኒሞውን ብሎን የሚነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በካቻቢቴ በቀስታ እስኪነካ ድረስ ሲያጠብቁ ስንት ዙር እንደሄደ ቆጥረው ይጻፉ፣ ሳይሳካ ቢቀር ወደነበረበት ለመመለስ ይረዳዎታል። የጋዙ ማያያዣ ዘንግም ካርቡሬተሩ ሲወጣ ከቦታው የመንሸራተት ልማድ አለው፤ ነዳጁ ሲከፈት የእሳቱ ጊዜ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት) አብሮ ካልቀደመ ሞተሩ ልክ እርስዎ እንደገለጹት ይታፈናል።

የሁለቱን ካርቡሬተሮች የጄት ቁጥርና የካንዴላውን ፎቶ ቢልኩልን ከግምት ወጥተን እርግጠኛ መልስ ልንሰጥዎ እንችላለን።