መጀመሪያ ቱቦውን ፈልጉ

ለወጣት መሐንዲሶችና ለከተማ ፕላን ተማሪዎች፣

የወንዝ ዳር ፕሮጀክት ስትነድፉ አያለሁ። ስዕሎቻችሁ ያምራሉ። የእግረኛ መንገድ አለ፣ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ዛፍና መብራት አለ። ውሃው ደግሞ ሁሌም ሰማያዊ ነው። እኔ ዕድሜዬን ከፍሳሽ መስመር ጋር ስለጨረስኩ አመሌ ሆኖ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄንን ነው፦ ውሃው ከየት የመጣ ነው?

ከተማ ወንዝ ተከትሎ ነው የሚቆረቆረው። ለንደን የተወለደችው ሮማውያን ቴምዝን በድልድይ ለመሻገር በተመቻቸው ቦታ ላይ ነው። መሻገሪያ ካለ ገበያ ይቆማል። ወፍጮውም ቆዳ ፋቂውም ውሃ ፍለጋ ይመጣል፣ ቆሻሻውንም እዚያው ይለቃል። ወንዙ ሲሸት ይከደናል። የለንደኑ ፍሊት ወንዝ እንዲህ ሆኖ ነው ከመሬት በታች የቀረው። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ስሙን የወረሰውን ጎዳና፣ ፍሊት ስትሪትን ነው።

ቴምዝም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ1858 ሙቀት ሲበረታ በክርፋቱ የፓርላማ አባላትን መቆሚያ አሳጥቷቸው ነበር። ጆሴፍ ባዛልጌት የተባለው መሐንዲስ ያን ግዙፍ የፍሳሽ መስመር የዘረጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው የሚንሸራሸርበት የቴምዝ ዳር መንገድ፣ ቪክቶሪያ ኢምባንክመንት፣ ከሥሩ ትልቁን ቱቦ ይዟል። ፎቶ የሚነሳው ግን ላይኛው ነው! ያም ሆኖ ፍሳሹ መጀመሪያ ላይ ሳይጣራ ከከተማው በስተምሥራቅ ይለቀቅ ስለነበር ችግሩ ሰፈር ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ስለዚህ ዝናብ ካቆመ ሦስት አራት ቀን ሲያልፍ ቦት ጫማ አድርጉና ወንዙን ይዛችሁ ውረዱ። ወንዙ ውስጥ የሚገባ የዝናብ ውሃ ቱቦ በዚያን ቀን ደረቅ መሆን ነበረበት። ሲፈስ ካገኛችሁት ጠርጥሩ። አንዳንዴ የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ ወይም የተሰበረ የመጠጥ ውሃ መስመር። ነጣ ካለ፣ አረፋ ከያዘና ጠዋት ጠዋት በርከት ካለ ግን ከሰው ቤት የወጣ ነው። ከዚያ ማንሆል እየከፈታችሁ ወደ ላይ መከተል ነው። መስመሮች በሚገናኙበት ማንሆል አንዱ ደርቆ ሌላው እርጥብ ይሆናል። እርጥቡን ያዙ። ጥቂት ቤቶች ሲቀሩ ለዚሁ የተሠራውን ቀለም ሽንት ቤት ውስጥ ጨምራችሁ ውሃ ልቀቁ። ታች ላይ ቀለሙ ብቅ ካለ አገኛችሁት። ብዙ ጊዜ ባለቤቱ እንኳ አያውቅም። ቧንቧ ሠራተኛው ቅርብ ያገኘው የዝናብ ውሃ ቱቦ ላይ ቀጥሎለት ሄዷል። ይሄ ሥራ ሪባን አይቆረጥለትም፣ ወንዝ የሚጸዳው ግን እንዲህ ነው።

ወንዙን በኮንክሪት ማቅናትም ሌላው ጣጣ ነው። ውሃው ይፈጥናል፣ ጎርፉም ታች ያለው ሰፈር ላይ ቶሎ ይደርሳል። የጀርመኗ ሙኒክ እ.ኤ.አ. ከ2000 እስከ 2011 በኢዛር ወንዝ ላይ የሠራችውን አጥኑ። 8 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ኮንክሪቱን አነሱ፣ ዳርቻውን አሰፉ፣ ጠጠሩ እንደልቡ እንዲንቀሳቀስ ተዉት። ወንዙ ጎርፍ የመሸከም አቅሙም ጨመረ። ከላይ ያሉት የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች ደግሞ የሚለቁትን ውሃ በአልትራቫዮሌት ጨረር ማከም ያዙ። እኔ ከሴኡሉ ቾንግዬቾን ጅረት ይልቅ ይሄኛውን እመርጣለሁ። ሴኡል ከፍ ብሎ የተሠራ አውራ ጎዳና አፍርሳ እ.ኤ.አ. በ2005 የ5.8 ኪሎ ሜትር ጅረት ከፈተች። ጀግንነት ነው፣ አልክድም። ግን አብዛኛው ውሃ በፓምፕ የሚመጣ ነው። ፓምፕ ደግሞ በየወሩ የመብራት ሂሳብ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲንጋፖር ወንዟን እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1987 ስታጸዳ የአሳማና የዳክዬ እርባታዎች ተነሱ፣ የመንገድ ዳር ቸርቻሪዎችና ዳርቻው ላይ የሚኖሩ ቤተሰቦችም ተነሱ። ለቤተሰቦቹ የመንግሥት መኖሪያ ቤት፣ ለቸርቻሪዎቹም የተሠራ ገበያ ተሰጠ። ይህን ሁሉ ከፕሮጀክቱ ጋር አብረው ነው ያሰቡት። እናንተም ዳርቻው ላይ ያሉትን ቤቶች ስዕሉ ላይ በአረንጓዴ ከመሸፈናችሁ በፊት ቁጠሯቸው። ነዋሪዎቹ የፍሳሽ መስመር ቢደርሳቸው እዚያው መኖር ይችሉ እንደሆነ ጠይቁ። የግድ የሚነሱ ካሉ የት እንደሚገቡ ወስኑ፣ ወጪውንም ከድንጋይ ንጣፉ በፊት በጀቱ ላይ ጻፉት።